ስኮትስ ዕውቅናውን አገኘ፤ የሚቀረው ግዴታ ነው

እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2025 ኤድንብራ የሚገኘው የስኮትላንድ ፓርላማ የስኮትላንድ ቋንቋዎች ሕግን ያለ አንድ የተቃውሞ ድምፅ አጸደቀ። ሕጉ ጁላይ 31 የንጉሡን ይሁንታ አገኘ፤ ኖቬምበር 30፣ በአገሪቱ ጠባቂ በቅዱስ እንድርያስ ዕለት፣ ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ሕግ ጌሊክና ስኮትስ የተባሉት ሁለት ቋንቋዎች በስኮትላንድ ኦፊሴላዊ ዕውቅና አግኝተዋል። ለጌሊክ ይህ የቆየ ጉዞ ቀጣይ እርምጃ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ የራሱ ሕግና የራሱ ቦርድ አለው። ለስኮትስ ግን እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣለት የመጀመሪያው ነው።

ደስታውን እጋራለሁ። ይሁን እንጂ ስኮትስ ፍቅር አጥቶ አያውቅም። በየዓመቱ ጃንዋሪ 25 በስኮትስ የገጠመው ባለቅኔ የሮበርት በርንስ መታሰቢያ እራት ይሰናዳል፣ ግጥሞቹ ይነበባሉ፣ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ቆመው ያጨበጭባሉ። የጎደለው ሌላ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ለዚህ ሥራ የተመደበ ሠራተኛ፣ በበጀት ሰነድ ላይ የሰፈረ መደብ፣ በትምህርት ቤት መርሐ ግብር ላይ የተያዘ ክፍለ ጊዜ። የፖለቲካ ድጋፍ ስል ይህን ማለቴ ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለቱን ቋንቋዎች መለየት ያስፈልጋል። ጌሊክ የኬልት ቋንቋ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ አይሪሽ ነው። ስኮትስ ግን ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የሰሜን ቅርንጫፍ የበቀለ ነው። ስለዚህ ለዛሬው እንግሊዝኛ ወንድሙ እንጂ ልጁ አይደለም። በምሥራቅ ስኮትላንድ ልጅ “ቤርን” ነው፣ ማወቅ “ከን”፣ ዝናብና ጭጋግ የተጫነው ቀን “ድሪኽ”። የዚህችን የመጨረሻዋን “ኽ” ድምፅ የለንደን እንግሊዝኛ ከጣላት ቆይቷል፤ የእኛ ፊደል ግን ያለ ችግር ይጽፋታል። ከቦታ ቦታም ይለያያል። የሰሜን ምሥራቁ ዶሪክ ይባላል፤ ሼትላንድና ኦርክኒ የየራሳቸው አላቸው፤ ግላስጎው ላይ “ቤርን” ቀርቶ “ዌን” ይባላል።

ይህ ቋንቋ አንድ ጊዜ የመንግሥት ቋንቋ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ፓርላማ ድንጋጌዎቹን የሚያሰፍረው በስኮትስ ነበር። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የከተማ ቃለ ጉባኤ፣ የነጋዴ ደብዳቤ በእርሱ ይጻፍ ነበር። ገጣሚው ጋቪን ዳግላስ የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን ታላቅ ግጥም ከላቲን ወደ ስኮትስ መልሶ የጨረሰው በ1513 ነው። ታዲያ ውድቀቱ በአንድ አዋጅ የመጣ አይደለም። ከ1560ው የሃይማኖት ተሐድሶ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ የተነበበው መጽሐፍ ቅዱስ የእንግሊዝኛው ነበር። በ1603 ንጉሡ ዘውዱንና ቤተ መንግሥቱን ይዞ ለንደን ገባ። በ1707 ፓርላማው ተዘግቶ ከለንደኑ ጋር ተዋሐደ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ሰው ከጽሑፉ ሊያስወግዳቸው የሚገባቸውን የስኮትስ አባባሎች ዘርዝሮ አወጣ። የ1872ቱ የትምህርት ሕግ ልጆችን ሁሉ ትምህርት ቤት ሲያስገባ ያስገባቸው ወደ እንግሊዝኛ ነው፤ ስኮትስ አፉ ላይ የተገኘ ልጅ ይገረፍ ነበር። በ1946 እንኳ የመንግሥት የትምህርት አማካሪ ምክር ቤት ባወጣው ሪፖርት ስኮትስ የትም ቦታ የተማረ ሰው ቋንቋ አይደለም፣ ለትምህርትና ለባህልም አይበቃም ሲል ጽፏል።

የዚህን ውጤት በቁጥር ማየት ይቻላል። የስኮትላንድ መንግሥት በ2010 ባሳተመው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከተጠየቁት 85 በመቶው ስኮትስ እንደሚናገሩ ተናገሩ። በዚያው ጥናት 64 በመቶው ስኮትስን እንደ ቋንቋ እንደማያዩት፣ የአነጋገር ዘይቤ ብቻ እንደሚመስላቸው ገለጹ። ፖለቲከኛ ይህን ሲያነብ ቶሎ የሚደርስበት ድምዳሜ አለ፤ ተናጋሪው ራሱ ቋንቋ ካላለው እኔ ለምን በጀት እይዝለታለሁ? እኔ ደግሞ ከዚያው ቁጥር ተቃራኒውን አነባለሁ። ለመቶ ዓመታት በመንግሥት ገንዘብ፣ በመንግሥት መምህር፣ በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ “ይህ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው” ተብሎ የተማረ ሕዝብ ሌላ መልስ ከየት ያመጣል? ያበላሸው መንግሥታዊ ተቋም ነውና መጠገንም የዚያው ተቋም ዕዳ ነው።

ጥገናው የተጀመረው በመቁጠር ነበር፤ እርሱም ቢሆን በትግል የተገኘ ነው። ተሟጋቾቹ በ2001ዱ የሕዝብ ቆጠራ የስኮትስ ጥያቄ እንዲገባ ጠይቀው አልተሳካላቸውም። በ2011 ግን ገባ። ጥያቄው አራት ነገር ይለያል፤ መረዳት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። ችግሩ ብዙ ሰው የሚናገረው ነገር ስኮትስ መሆኑን አለማወቁ ነበር። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት የሚሰጥ ይመስለኛል። ከቆጠራው በፊት “አይ ካን” የተባለ ድረ ገጽ ተከፍቶ ከየአካባቢው የተቀዳ ድምፅና ጽሑፍ ቀረበ፤ ሰው የሰፈሩን ንግግር አዳምጦ “ይህንማ እችላለሁ” ብሎ ቅጹን መሙላት ቻለ። ውጤቱ 1,541,693 ሰዎች ስኮትስ እንናገራለን ማለታቸው ሆነ። በዚያው ቆጠራ የጌሊክ ተናጋሪዎች ወደ 58 ሺህ ገደማ ነበሩ።

የ2022ቱ ቆጠራ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በአንድም በሌላም መንገድ ስኮትስ የሚችሉት፣ የሚረዱት ጭምር ተቆጥረው፣ 2,444,659 ደረሱ፤ ይህም 46 በመቶ ነው። ከ2011 ወዲህ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጭማሪ አለ ማለት ነው። ተናጋሪዎቹ ግን 1,508,540 ሆኑ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከነበሩት በ33 ሺህ ያህል አነሱ። የመጀመሪያው ቁጥር በየንግግሩ ይጠቀሳል፣ ሁለተኛው ብዙ አይነሣም። ለእኔ ዋናው ሁለተኛው ነው። ሰው ቋንቋውን በስሙ መጥራት ጀምሯል፣ ማፈሩንም እየተወ ነው፤ በአፉ መጠቀሙ ግን አልጨመረም። ዕውቅና ብቻውን የሚያደርሰው እዚህ ድረስ ነው። በተጨማሪም ስኮትስና የስኮትላንድ እንግሊዝኛ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ ተናጋሪው ለሐኪሙ ወደ አንዱ፣ ለአያቱ ወደ ሌላው ያዘነብላል። ስለዚህ የቆጠራው ጥያቄ ችሎታን እንጂ አጠቃቀምን አይለካም። ቀጣዩ ቆጠራ “በቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት ትጠቀምበታለህ?” የሚል ካልጨመረ ፖሊሲው በዓይነ ስውርነት ይጓዛል።

ዓለም አቀፉ ሰነድ ከኤድንብራው ሕግ ይቀድማል። ብሪታንያ የአውሮፓ ምክር ቤት ያወጣውን የአካባቢ ወይም የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር በ2001 አጸደቀች። ቻርተሩ የመንግሥት ቋንቋ ዘዬዎችን ከጥበቃው ውጪ ያደርጋል፤ ስለዚህ ስኮትስ በዝርዝሩ መግባቱ ራሱ የለንደን መንግሥት ዘዬ ሳይሆን ቋንቋ ነው ብሎ መፈረሙ ነው። ክርክሩ በሕግ ደረጃ ያኔ አልቋል። ነገር ግን ቻርተሩ ሁለት ደረጃ አለው። ሁለተኛው ክፍል ጥቅል መርሖች ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው ክፍል ደግሞ መንግሥት ከተዘረዘሩት ግዴታዎች ቢያንስ 35ቱን መርጦ እንዲገባባቸው ያስገድዳል፤ ከእነርሱም ቢያንስ ሦስት ከትምህርት፣ ሦስት ከባህል፣ አንድ አንድ ከፍትሕ፣ ከአስተዳደር፣ ከመገናኛ ብዙኃን እና ከኢኮኖሚ መሆን አለባቸው። ዌልሽ፣ ጌሊክና አይሪሽ ሦስተኛው ላይ ናቸው። ስኮትስ ዛሬም ሁለተኛው ላይ ነው።

“ከእንግሊዝኛ ጋር በጣም ይቀራረባልና አይመችም” የሚለው ሰበብ አያስኬድም። ፕላትዶይች የሚባለው የሰሜን ጀርመን ቋንቋም ከመደበኛው ጀርመንኛ ጋር ዘመድ ነው፣ እርሱም ለረጅም ጊዜ የገበሬ ንግግር ተብሎ ተንቋል። ጀርመን ግን ሃምቡርግንና ብሬመንን ጨምሮ በበርካታ ክፍለ ግዛቶቿ በሦስተኛው ክፍል አስመዝግባዋለች።

የ2025ቱን ሕግ የስኮትስ ክፍል ሳነብ ሁለት ነገር አያለሁ። በጎው በኩል እውነተኛ ነው፤ ሚኒስትሮች የስኮትስ ስትራቴጂ ማዘጋጀት፣ ስለ አፈጻጸሙ ሪፖርት ማቅረብ፣ በትምህርት ቤት የስኮትስ ትምህርትን ማበረታታት አለባቸው። ደካማው በኩል ግሦቹ ላይ ነው። የመንግሥት ተቋማት ስትራቴጂውን “ከግምት እንዲያስገቡ” ይጠየቃሉ። ከግምት ማስገባት ማለት በአንድ ስብሰባ ላይ አንሥቶ፣ አቅም የለንም ብሎ፣ በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ማለፍ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉም ተከብሯል ይባላል። ከጌሊክ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ይጎላል። የጌሊክ ቦርድ በ2005ቱ ሕግ አንድን ተቋም በስሙ ጠርቶ የቋንቋ ዕቅድ አምጣ ማለት ችሏል። በ2016 በወጣ ሕግ ደግሞ ወላጆች በጌሊክ የሚያስተምር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲከፈት ለአካባቢ ምክር ቤታቸው ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ፤ ምክር ቤቱም ጥያቄውን መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። ለስኮትስ እንዲህ የሚጠይቅ ቦርድም፣ እንዲህ የሚጠየቅ ምክር ቤትም የለም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና ይኖራቸዋል ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ የፌዴራሉን መንግሥት የሥራ ቋንቋ ለይቶ ያስቀምጣል። ዕውቅናና የሥራ ቋንቋነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስኮትስ ያገኘው የመጀመሪያውን ነው።

ሥራው የሚፈተነው ትምህርት ቤት ላይ ነው። መነሻው ባዶ አይደለም። በ2014 የአገሪቱ የፈተናዎች ባለሥልጣን የስኮትስ ቋንቋ የምስክር ወረቀት ጀመረ፤ በ2015 መንግሥት የመጀመሪያውን የስኮትስ ፖሊሲ በስኮትስና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ በ2019 ክፍት ዩኒቨርሲቲው ማንም ሰው በነፃ የሚከታተለው የስኮትስ ቋንቋና ባህል ኮርስ ከፈተ። ለልጆች በስኮትስ ማሳተም ከ2002 ጀምሮ በደንብ የተያዘ ሥራ ነው። የጎደለው ቀጣይነት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ስኮትስ የሚኖረው አንድ ወዳጅ መምህር ስላለ ነው፤ መምህሩ ሲዛወር ክፍሉ ይዘጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለመጽሐፍ ሳይሆን ለመምህር መዋል አለበት። የመምህራን ሥልጠና በሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ስኮትስ የማይዘለል ክፍል ይሁን፤ 32ቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው ለስኮትስ የሚጠየቅ አንድ ኃላፊ ይመድቡ፤ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪዎችም ሲጎበኙ ስለ እርሱ ይጠይቁ። ተቆጣጣሪ የማይጠይቀውን ነገር ርእሰ መምህር አያስቀድምም።

ከየት ይጀመር ቢባል ከአበርዲንሺርና ከሼትላንድ እላለሁ። በ2011ዱ ቆጠራ በሁለቱም ቦታ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ስኮትስ ተናጋሪ ነበር። አዲሱ ሕግ ለጌሊክ ልዩ የቋንቋ ቀጣናዎች እንዲሰየሙ ይፈቅዳል፤ ለስኮትስም ተመሳሳይ ነገር በማሻሻያ ቢጨመር እነዚህ ሁለቱ ዝግጁ ናቸው። እዚያ ልጁ የሚማረው የሰፈሩን ዶሪክ ወይም የሼትላንድ ንግግር መሆን አለበት፤ ከኤድንብራ የተላከ ወጥ ቅጂ ከደረሰው ግን ወላጁ ራሱ “ይህ የእኛ አይደለም” ይላል። በብዙ ቦታ ፕሮግራም የሚከሽፈው በጠላት ሳይሆን በዚህ ነው።

የአጻጻፍ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ስኮትስ አንድ የጸደቀ የፊደል አጣጣል የለውም። በ1947 የገጣሚዎች ስብስብ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በ1985ም የስኮትስ ቋንቋ ማኅበር አሻሽሎ አቅርቧል። ዋና ምክራቸው በእንግሊዝኛ ያለ ፊደል በስኮትስ ስለሌለ ብቻ ጭረት አድርጎ መጻፍ ይቅር የሚል ነበር፤ ጭረቱ ቃሉን የጎደለ እንግሊዝኛ ያስመስለዋልና። ትክክል ነበሩ። ግን ደንብ ትምህርት ቤት ካልገባ ደንብ አይሆንም።

ውጤቱ በ2020 ታየ። የስኮትስ ዊኪፔዲያ ትልቅ ክፍል ቋንቋውን በማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት የተጻፈ መሆኑ ታወቀ፤ ልጁ የእንግሊዝኛን ዐረፍተ ነገር ወስዶ ቃል በቃል ይቀይር ነበር። ለዓመታት ማንም አላቆመውም። ሰዎች በልጁ ላይ ተቆጡ፤ ቁጣው ግን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። አንድ ሚሊዮን ተኩል ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ኢንሳይክሎፒዲያውን የሚያርምለት ሰው ያጣው ተናጋሪው በራሱ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ስላልተማረ ነው። ቋንቋውን የማያውቁ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እንዲህ ካለ ጽሑፍ ሲማሩ ስሕተቱ ይባዛል።

መሥሪያ ቤቶችም በዚሁ ጉድጓድ ይወድቃሉ። አንድ ተቋም በጎ ፈቃዱን ለማሳየት ረጅም የእንግሊዝኛ ሪፖርት ወደ ስኮትስ ያስተረጉማል። አንባቢው እንዲህ ያለ ጽሑፍ በስኮትስ አንብቦ ስለማያውቅ ይከብደዋል፣ ጋዜጦች ይሣለቃሉ፣ ተቋሙ አፍሮ ይተወዋል። የሚሻለው ከድምፅ መጀመር ነው፤ የአውቶቡስ ጣቢያ ማስታወቂያ፣ የሆስፒታል የስልክ መልስ፣ የሙዚየም የድምፅ መግለጫ፣ የምክር ቤት ስብሰባ። ሰው የሚያውቀው በጆሮው ነውና በጆሮው ይድረሰው። ጽሑፉ አጭር፣ በአካባቢው ዘዬ፣ የመዝገበ ቃላት ባለሙያዎች ያዩት ይሁን። የስኮትስ መዝገበ ቃላት ለዓመታት ተደክሞበት ዛሬ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ደመወዝ በየዓመቱ ልመና ላይ መጣል አሳፋሪ ነው። ጌሊክ ከ2008 ጀምሮ ቢቢሲ አልባ የተባለ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለው። ለስኮትስ ሙሉ ጣቢያ አልጠይቅም፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ዜና በሬዲዮ ግን መጠየቅ ይቻላል።

ግፊቱ የት ይደረግ? የቋንቋው ወዳጆች ብዙ ጊዜ አቤቱታቸውን ለሚኒስትር ይልካሉ፤ በምላሹ የምስጋና ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። በፓርላማው ውስጥ የስኮትስ ወዳጆችን ከየፓርቲው ያሰባሰበ ቡድን አለ፤ ሰብሳቢው የነበረችው የፓርላማ አባል ኤማ ሃርፐር በምክር ቤቱ ወለል ላይ በስኮትስ ተናግራለች። ይህ ቡድን ይሰማል እንጂ ገንዘብ መመደብም ሕግ ማውጣትም አይችልም። ሥልጣን ያለው ኮሚቴ ላይ ነው። ሕግ በመጀመሪያው ደረጃ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሆናል፣ በሁለተኛው ደረጃ በኮሚቴ ዐንቀጽ በዐንቀጽ ይሻሻላል። ስለ ስትራቴጂውም እንዲሁ ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብ “ቋንቋችን ይከበር” ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። “በዐንቀጽ ይህ ላይ ‘ያበረታታል’ የሚለው ‘ይመድባል’ ተብሎ ይተካ፤ ቁጥርና ቀን ይጨመር” ብሎ መጻፍ ይጠቅማል። ለፓርላማው አቤቱታ ለማቅረብ የአንድ ሰው ፊርማ ይበቃል። የአካባቢ ምክር ቤት አባልን ማግኘት ደግሞ ሚኒስትር ከማግኘት ይቀላል፤ ትምህርት ቤቶቹንም የሚያስተዳድረው ምክር ቤቱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እጨምራለሁ። በስኮትላንድ የነፃነት ጥያቄ ሁሉን ነገር ወደ ሁለት ጎራ ይስባል፤ ስኮትስን የነፃነት ደጋፊዎች ንብረት አድርጎ የሚያይ ሰው በሁለቱም በኩል አለ። በሰሜን አየርላንድ ደግሞ የዚሁ ቋንቋ ቅርንጫፍ የሆነው አልስተር ስኮትስ ከብሪታንያ ጋር መቆየት የሚፈልጉት ወገኖች ምልክት ሆኗል። አንድ ቋንቋ በባሕሩ ወዲህና ወዲያ ማዶ በተቃራኒ ባንዲራ ሥር ከተሰለፈ ቋንቋው ራሱ የማንም ፓርቲ አይደለም ማለት ነው። የ2025ቱ ድምፅ ተቃዋሚ አለማግኘቱ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ የሁሉም ፓርቲ ፊርማ ያለበት ሕግ መንግሥት ሲቀየር አይቀደድም። ተሟጋቾች ይህን አንድነት ለማንኛውም የምርጫ ዘመቻ አሳልፈው መስጠት የለባቸውም።

ወደ ቻርተሩ ሦስተኛ ክፍል መሸጋገሩን በሚመለከት፣ የውጭ ስምምነት የለንደን ሥልጣን ስለሆነ ማሳወቂያውን ለአውሮፓ ምክር ቤት የሚልከው የብሪታንያ መንግሥት ነው። ኤድንብራ ግን ሳትጠብቅ 35ቱን ግዴታዎች ከወዲሁ መምረጥ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ዛሬ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚጎድል መጻፍ፣ ስትራቴጂውንም በዚያው ዝርዝር ላይ መገንባት ትችላለች። ያኔ ለንደን የሚቀርብላት ጥያቄ በተግባር የሚፈጸሙ ነገሮች ላይ ፊርማ መጨመር ብቻ ይሆናል፤ እምቢ ካለችም ምክንያቷን ግዴታ በግዴታ እየጠቀሰች መናገር ይኖርባታል።